ልብ ሲርገበገብ፤ የትርታ መፍጠንና መዛባት ምን ይነግረናል?

ልብ በጤነኛ ሰው ደረት ውስጥ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ሲመታ ይኖራል፤ ባለቤቱ ግን መምታቱን አያስተውለውም። በደቂቃ 70 ጊዜ ብቻ ይመታል ብንል እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ይህን የሚያህለውን ሥራ ዝም ብሎ መሥራቱ ራሱ የጤንነት ምልክት ነው። ሰው «ልቤ መታኝ» ወይም «ልቤ ተርገበገበ» ብሎ መናገር የሚጀምረው ልብ ከልማዱ ሲፈጥን፣ አመታቱ ሲበረታ፣ ወይም ሥርዓቱ ሲዛባ ነው።

የልብ መርገብገብ በራሱ የበሽታ ስም አይደለም፤ እንደ ትኩሳትና እንደ ሳል ሁሉ ምልክት ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው «በሽታህ ትኩሳት ነው» ብሎ ማሰናበት እንደማይገባ ሁሉ፣ ልቡ የሚመታበትንም ሰው «የልብ በሽተኛ ነህ» ብሎ ማስደንገጥ፣ ወይም «ምንም አይደል፣ ሐሳብ ነው» ብሎ መተው አይገባም። ብዙውን ጊዜ ልቡ ራሱ ደኅና ሆኖ ከሌላ የሰውነት ክፍል የመጣውን ችግር ተሸክሞ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን የተጎዳው ልብ ራሱ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚደረገው የመጀመሪያ ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሴኮንድ የሚያሳይ ሰዓትና ሁለት ጣት ይበቃል። ይህም በመሆኑ ጽሑፉ በተለይ ለመምህራን የቀረበ ነው።

የትርታ አቈጣጠር

ሕመምተኛው አስቀድሞ 5 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይረፍ። ከዚያም መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እጁን በጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ። ቈጣሪው የሌባ ጣቱንና የመካከለኛ ጣቱን ጫፍ ከሕመምተኛው አውራ ጣት በታች፣ በእጁ አንጓ ላይ በቀስታ ያኑር። አውራ ጣት የራሱ ጠንካራ ትርታ ስላለው ቈጣሪውን ያሳስተዋልና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቈጠራው አንድ ሙሉ ደቂቃ መሆን አለበት። በ15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ማባዛት ለቸኰለ ሰው ይመቻል፤ ዳሩ ግን ትርታው የተዛባ ከሆነ የሚገኘው ቍጥር ሐሰት ይሆናል።

ያረፈ ጎልማሳ ሰው ትርታ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ እስከ 115 ገደማ ቢደርስ አያስደነግጥም፤ በአንጻሩ የብርቱ ሯጭ ትርታ ከ60 በታች ቢወርድ ጤንነት ነው። ከቍጥሩ ይልቅ አንዳንድ ጊዜ የሚበልጠው ሥርዓቱ ነው። ትርታው እንደ ሰዓት እኩል እየሄደ ነውን? ወይስ እኩል እየሄደ አልፎ አልፎ አንዱን ይዘልላል? ወይስ ገና ጀማሪ ልጅ እንደሚመታው ከበሮ ጨርሶ ሥርዓት የለውም? ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ሕመምተኛው ከጤና ድርጅት በደረሰ ጊዜ ደግሞ ልቡ ተረጋግቶ ሊገኝ ይችላል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ የሚያነሣው መሣሪያም ቢሆን በዚያው ሰዓት ያለውን እንጂ ትናንት ያለፈውን አያሳይም። እንግዲህ መምህሩ ተማሪውን ወደ ጤና ጣቢያ ሲልክ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የቈጠረውን ቍጥር፣ ትርታው እኩል መሆን አለመሆኑን፣ ልጁ በዚያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበረና መርገብገቡ በድንገት ወይም ቀስ በቀስ መጀመሩን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ቢሰጠው ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

በጫኖ ምን እንጠይቅ?

ልብን የሚያርገበግቡ ምክንያቶች እንደ አገሩ ይለያያሉ። ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ከዓባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው ቆላ ላይ የሚገኝ አገር ነው። ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ በሚባሉት ቀበሌዎች ከጋሞ ደጋ የሚወርደው የሐሬ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ ሙዝና ማንጎ ያለማል። መሬቱ ለም፣ አየሩ ሙቅ፣ ውሃው ብዙ ነው፤ ስለዚህ የወባ ትንኝም አይጠፋም። ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ተመራማሪዎች በጫኖ ሚሌ 8,000 ያህል ሰዎችን ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየተከታተሉ የወባን ነገር አጥንተዋል፤ ትንኟ ከምትራባበት ሥፍራ አጠገብ የሚኖሩት ከሌሎቹ ይልቅ በበሽታው እንደሚያዙም አረጋግጠዋል።

ወባ ከልብ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቍጥር ትርታው በደቂቃ 10 ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በጤናው ጊዜ ትርታው 80 የነበረ ሰው ሙቀቱ ከ37 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ 110 ቢቈጠርበት ልቡ ታመመ ማለት አይደለም፤ ትኩሳቱ ልቡን አስሮጠው ማለት ነው። በጫኖ ልቡ የሚመታበት ሰው ሲገኝ መጀመሪያ ግንባሩ ይዳሰስ፤ ትኩሳት ካለው ሳይውል ሳያድር በጤና ኬላ ደሙ ይመርመር። የታዘዘለትንም መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይዋጥ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። የወባ ተሕዋስ የሚራባው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ እነርሱን እያፈራረሰ ነው። ትኩሳቱ ከለቀቀ ከሳምንታት በኋላ ሰውየው ዳገት ሲወጣ ልቡ ድው ድው የሚል፣ የሚያዞረውና ቶሎ የሚደክመው ከሆነ፣ ደሙ አንሶ ሊሆን ይችላል። አየር ተሸካሚው ደም ሲቀንስ ልብ የቀረውን ቶሎ ቶሎ በማመላለስ ጉድለቱን ለመሙላት ይጥራል። የታችኛውን የዐይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ውስጡን፣ እንዲሁም መዳፉንና ምላሱን ማየት ይጠቅማል፤ ቀይ መሆን የሚገባው ነጣ ካለ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። በቦይ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግሩ የሚውል ገበሬና ልጅ በመንጠቆ ትል ይጠቃል፤ ይህ ትል ከአንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶችና ነፍሰ ጡሮችም እንደዚሁ ለደም ማነስ የቀረቡ ናቸው።

ስለ ምግብም አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። የጫኖ ሙዝ ጣፋጭና ጠቃሚ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ደም የሚሠራው የብረት ማዕድን በውስጡ ጥቂት ነው። ሙዝ በብዛት በሚገኝበት ቤት ደሙ ያነሰ ልጅ ቢገኝ አያስገርምም። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን የተሻሉ ናቸው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ስለሚከለክሉ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ መልካም ነው።

ቡናን ካነሣን ዘንድ፣ ልብን በቀጥታ ከሚያነቃቁት አንዱ እርሱ ነው። በጋሞና በወላይታ ሃይታ ቱኬ እየተባለ ከቡና ቅጠል የሚፈላው መጠጥም ቢሆን ያው አነቃቂ ንጥረ ነገር አለው፤ ቅጠል ነውና ምንም አያደርግም ማለት ስሕተት ነው። ልክ ባለው መጠን ለጤነኛ ሰው ጉዳት የለውም። ልቡ የሚርገበገብበት ሰው ግን ለሁለት ሳምንት ቀንሶ ለውጡን ቢመለከት ያለ ወጪ ትልቅ ምርመራ አደረገ ማለት ነው። ጫት ከዚህ ይብሳል፤ ትርታን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ለፈተና ሲያጠና ያደረ ተማሪ በጫትና በቡና ላይ የእንቅልፍ እጦት ጨምሮበት ጧት ልቡ ቢመታበት መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው። አረቄና ሲጋራም ከዚሁ ይመደባሉ። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችና ለአስም የሚሰጠው ሳልቡታሞል ልብን እንደሚያፈጥኑ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ መናገር እንጂ መደበቅ አይገባም።

በቆላው ሙቀት ሲሠራ ውሎ ውሃ ያልጠጣ፣ ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው የሰውነቱ ውሃ ሲያልቅ ትርታው ይፈጥናል፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠበት ውሃ በጊዜው ከተሰጠው ይረጋል። እንቅርት ያለበት ሰው ደግሞ በደንብ እየበላ የሚከሳ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሙቀት የማይችልና ልቡ ሁልጊዜ የሚሮጥ ከሆነ፣ የአንገቱ ዕጢ ከመጠን በላይ እየሠራ ስለሚሆን ሆስፒታል ሄዶ መመርመር አለበት።

ስለ መዝለልና ስለ ፍርሃት

«ልቤ አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመና እንደገና በኃይል መታ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ ጤነኛ በሆነ ሰው ላይም የሚደርስ ነገር ነው። አንዱ ምት ከጊዜው ቀድሞ ይመጣል፤ ከእርሱ በኋላ ልብ ጥቂት ዕረፍት ያገኛል፤ በዚያች ዕረፍት ደም ይጠራቀምና ቀጣዩ ምት ይበረታል። ሰውየው የሚሰማው ይህን የበረታውን ምት ነው። ማታ በግራ ጐን ሲተኙ የበለጠ መሰማቱም ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚቀርብ ነው።

ጭንቀትም ልብን ያስሮጣል። የተጨነቀ ሰው ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ የሚሞት ይመስለዋል፤ ከዚያ ልቡን ማዳመጥ ይጀምራል፤ ባዳመጠው መጠን ደግሞ ይብስበታል። እንዲህ ያለውን ሰው «አስመሳይ ነህ» ማለት ነውር ነው፤ መርገብገቡ እውነተኛ ነውና። አስቀምጦ በአፍንጫ ቀስ ብሎ እንዲያስገባና ከዚያ ረዘም አድርጎ እንዲያወጣ ማድረግ፣ በዙሪያው የተሰበሰበውንም ሰው ማራቅ ይረዳዋል። በየአገሩ ነገሩን ለቡዳ ወይም ለጋኔን የሚሰጡ አሉ። ጸበል የሚሄድም ሰው ይሂድ፤ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ፣ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉና።

ከእነዚህ የተለየ ሌላ ዓይነት አለ። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ልቡ በድንገት በደቂቃ ከ150 እስከ 220 ይመታል፤ ለመቍጠር እንኳ ያስቸግራል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ጀመረው በድንገት ያቆማል። ይህ በልብ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መንገድ አቋራጭ በማግኘቱ የሚመጣ ነው። ሐኪም ይህ እንዳለበት የነገረው ሰው በቤቱ ሊሞክረው የሚችል ዘዴ አለ፤ ተቀምጦ ባለ 10 ሚሊ ሊትር መርፌ ያልተተከለበትን ሲሪንጅ አፉ ውስጥ አድርጎ መግፊያው ፈቀቅ እስኪል ድረስ 15 ሴኮንድ ያህል በኃይል ይነፋል፤ ወዲያው በጀርባው ተጋድሞ ሌላ ሰው እግሮቹን ለ15 ሴኮንድ ወደ ላይ ያነሣለታል። በ2007 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 428 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሲሆን፣ እግር ከፍ የተደረገላቸው ከ100ው 43ቱ ልባቸው ተመልሶ ሲረጋ፣ ተቀምጠው ብቻ ከነፉት ግን ከ100ው 17ቱ ብቻ ነበሩ። ዐይንን መጫን ወይም አንገትን ማሸት ግን በቤት የሚደረግ አይደለም።

ትርታው ሲፈጥን ወይም ሲዛባ ሰውየው ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም ሲሮጥ በመካከሉ የወደቀ ከሆነ፣ ዘዴ መሞከርም ቀጠሮ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በተገኘው ተሽከርካሪ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ባረፈበት ጊዜ ትርታው ከ120 በላይ ሆኖ የማይወርድ ጎልማሳም እንደዚሁ ነው። ከቤተ ዘመዱ መካከል በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ደግሞ መርገብገቡ ቀላል ቢመስለውም መመርመር ይገባዋል።

ከጕረሮ እስከ ልብ

እስካሁን የተናገርንባቸው አብዛኞቹ ምክንያታቸው ሲታከም ልብም አብሮ የሚረጋባቸው ናቸው። አሁን የምናነሣው ግን ልብን ራሱን የሚያቈስል ነው። በአገራችን ልጆችንና ወጣቶችን ለልብ ሕመም ከሚዳርጉት ዋነኛው ይኸው ሲሆን፣ መነሻው ጕረሮ ነው።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ጕረሯቸው ይታመማል፤ ሕዝቡ ቶንሲል ይለዋል። ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻላቸዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ሰውነት ተሕዋሱን ለመውጋት ያሰለፈው ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን ይወጋል። ጕልበት ያብጣል፤ እርሱ ሲሻል ቍርጭምጭሚት፣ ቀጥሎም ክርን ይይዛል። ይህ የቍርጥማት ትኩሳት ይባላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ጠባሳ ሳይተው ያልፋል፤ የልብ ቍስል ግን ይቀራል። ልጁ ተኝቶ ሳለ እንኳ ልቡ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ ወላጆቹ ያስተውሉ፤ ከድንጋጤ ወይም ከሩጫ የመጣ ፍጥነት በእንቅልፍ ይረጋል፤ ከተጎዳ ልብ የመጣው ግን ብዙ ጊዜ አይረጋም።

ለመምህራን በተለይ የሚነገር ሌላ ምልክት አለ። በዚሁ በሽታ የተያዘ አንዳንድ ልጅ እጁና ፊቱ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል፤ እርሳስ ከእጁ ይወድቃል፤ ትናንት ያማረ የነበረው የእጅ ጽሕፈቱ ዛሬ የማይነበብ ይሆናል፤ ሳይታወቀው ያለቅሳል ወይም ይቈጣል። ሰነፍ ሆነ፣ ባለጌ ሆነ ተብሎ የሚቀጣበት ጊዜ አለ። ጽሕፈቱ በድንገት የተበላሸበትን ልጅ ከመቅጣት በፊት ትርታውን መቍጠርና ባለፉት ወራት ጕረሮውን ታሞ እንደነበረ ወላጆቹን መጠየቅ ይገባል።

ልብ በውስጡ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉት። የሐሬን ውሃ በቦይ የሚያከፋፍል ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የቦዩ መዝጊያ ሲጠብ ውሃው ከኋላ ይቈለላል፣ አልገጥም ሲል ደግሞ ወደ ኋላ ይፈስሳል። የቍርጥማት ትኩሳት በተመላለሰ ቍጥር የልብ በሮች ይኰማተራሉ፤ ላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ ከዓመታት በኋላም ትርታው ጨርሶ ሥርዓቱን ያጣል። በተለጠጠው ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ይረጋና ቍራጩ ወደ አንጎል ሲሄድ ገና ወጣት የሆነውን ሰው በአንድ ጐኑ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ለመከላከል ዋርፋሪን የታዘዘለት ሰው በየጊዜው ደሙን መመርመር አለበት። ጎመን የዚህን መድኃኒት ኃይል ስለሚቀንስ አንድ ሳምንት አብዝቶ፣ ሌላ ሳምንት ጨርሶ መተው አይገባም፤ ጎመን ይበላ፣ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።

በሩ የጠበበባት ሴት እስክታረግዝ ድረስ ሕመሟን ላታውቀው ትችላለች። በእርግዝና ጊዜ የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ልቧ መምታት፣ ትንፋሿ ማጠር፣ ተኝታ ማሳል ትጀምራለች። የእርግዝና ድካም ነው ተብሎ ሲታለፍ እናቲቱም ጽንሱም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ይህ የተሰማት ነፍሰ ጡር በመጀመሪያው ክትትል ላይ መናገር አለባት።

መከላከያው ከበሽታው ክብደት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀላል ነው። በተሕዋሱ የታመመ ጕረሮ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ በፔኒሲሊን ከታከመ የቍርጥማት ትኩሳቱ ይቀራል። በብዙ የአገራችን ክፍል ጕረሮ ለታመመ ልጅ እንጥል ይቈረጥለታል፤ ይህ ተሕዋሱን አያጠፋም፤ ደም ያፈስሳል፣ መንጋጋ ቈልፍ ያስይዛል፣ ከሁሉም በላይ ለሕክምና የነበረውን ቀን ያባክናል።

አንድ ጊዜ የቍርጥማት ትኩሳት የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳይመላለስበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ይህም ለወራት ሳይሆን ለዓመታት ነው፤ ልቡ የተጎዳ ከሆነ ቢያንስ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ሐኪሙ ሌላ ያዝለታል። የአፍሪካ ኅብረት በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባስጠራው ጉባኤ ይህን የልብ በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ ነበር። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለውን የልብ ሕክምና ማእከል በ2001 ዓ.ም. ለሥራ አብቅቷል። ዳሩ ግን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ልጆች ብዙ ናቸው፤ በጫኖ ጤና ጣቢያ በጊዜው የተሰጠ መርፌ አንዱን ልጅ ከዚያ ሰልፍ ያስቀረዋል።

ልጁ መርፌውን የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ ስላልታመመ ነው። አይመታበትም፣ አያመውም፣ ሙዝ ሲጫን ይውላል፤ መርፌው ደግሞ ያማል። ክረምት ሲገባ ወደ ደጋ ዘመዶቹ ይሄዳል፣ ወይም ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራል፤ በዚያም የሚያውቀው ሐኪም የለም። የክፍል ኃላፊው መምህር የመርፌውን ቀን በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ምልክት አድርጎ ቢይዝ፣ ቀኑ ሲደርስም ልጁን በሰዓቱ ቢለቀው፣ በዝውውር ጊዜም የክትትል ካርዱ ከትምህርት ማስረጃው ጋር አብሮ እንዲሄድ ቢያደርግ፣ ቀጣዩ ጤና ጣቢያ ካርዱን አይቶ ካቆመበት ይቀጥላል።